ዛንዚባር ላይ በየትኛው ጀልባ እንውጣ? ምኔምባ፣ ቹምቤ፣ ሜናይ ቤይ ወይስ ፕሪዝን አይላንድ

ከአዲስ አበባ ዛንዚባር በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስለሚበር ትራንዚት መንከራተት የለም። የጥር ሙሽሮች ወደዚያ መትመማቸው አይገርምም። የሚገርመው ሌላ ነው። ሆቴሉን ለመምረጥ ሳምንታት ይፈጃሉ። የሰው አስተያየት ያነባሉ፣ የአልጋውን ፎቶ ሳይቀር እያሰፉ ያያሉ። የባሕር ጉዞውን ግን ዳርቻው ላይ አልበም ይዞ ከሚዞር ልጅ በአምስት ደቂቃ ይገዙታል።

አልበሙ ላይ ኤሊ አለ፣ ዶልፊን አለ፣ ነጭ አሸዋ አለ፣ የተጠበሰ ሎብስተር አለ። "ይሄ ሁሉ የት ነው?" ብትሉት "ሁሉም ጋ አለ" ይላችኋል። ሁሉም ጋ የለም። ዛንዚባር ላይ ስኖርክሊንግ እየተባሉ ከሚሸጡት ጉዞዎች አንዱ በእርግጥ ዓሣና ኮራል (ባሕር ወለል ላይ እንደ ድንጋይ የሚያድገውን ሕያው ነገር) ለማየት ነው። ሌላው ሽርሽር ነው፤ ዓሣው ሳህን ላይ ነው የሚገኘው። ሦስተኛው ታሪክና ኤሊ ነው። አራተኛው ሁሉንም ቃል ይገባል፤ ውጤቱ ግን እንደ ካፒቴኑ ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ ስኖርክሊንግ ማለት የውሃ መነጽር (ማስክ) አድርጎ፣ ቱቦ በአፍ ይዞ፣ ውሃው ላይ በደረት ተኝቶ ወደ ታች ማየት ነው። የአየር ጋን የለውም፣ ወደ ጥልቁ መውረድም የለውም። ስለዚህ ጋን አዝለው የሚጠልቁ ሰዎች ከበረራ በፊት የሚጠብቁት 18 ሰዓትና ከዚያ በላይ እናንተን አይመለከትም። ጠዋት ዋኝታችሁ ማታ መብረር ትችላላችሁ።

ለቸኮለ አንባቢ ፍርዴን አስቀድሜ ልንገር። ኮራልና ዓሣ ማየት ከሆነ ዓላማችሁ፣ ቹምቤ። ከቤተሰብ ወይም ከጓደኛ ጋር ቀኑን ሙሉ ፈታ ለማለት ከሆነ፣ ሜናይ ቤይ። የምታርፉት ሰሜን ከሆነና ደቡብ ድረስ መውረድ ካልፈለጋችሁ፣ ምኔምባ፤ ግን በጠዋትና በትንሽ ጀልባ። ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ፣ ፕሪዝን አይላንድ፤ እሱም ስኖርክሊንግ ነው ብላችሁ ሳትጠብቁ።

ምኔምባ

ምኔምባ ከዋናው ደሴት ከኡንጉጃ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለች ሚጢጢ ደሴት ናት። ዙሪያዋን በእግር ለመዞር ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ግን ማንም አያዞራችሁም። ደሴቷ የግል ሎጅ ናት፤ እዚያ አልጋ ካልያዛችሁ አሸዋውን አትረግጡም። "ምኔምባ ደሴት ላይ ወርደን ምሳ እንበላለን" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እዚያው ተሰናበቱት። የቀን ተጓዦች ምሳ የሚበሉት ተመልሰው ኡንጉጃ ዳርቻ ላይ ነው።

የምትዋኙት ደሴቷን በከበበው ሪፍ፣ ማለትም በኮራል ክምር ላይ ነው። ሪፉ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተጠበቀ የባሕር ክልል ስለሆነ የመግቢያ ክፍያ አለው። ይህ ክፍያ በተነገራችሁ ዋጋ ውስጥ መካተት አለመካተቱን ጠይቁ። ርካሽ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚረክሰው ይሄን ትቶ ስለሆነ፣ ጀልባው ላይ ከወጣችሁ በኋላ "የፓርክ ደግሞ አለ" ይመጣል።

ውሃው ድንቅ ነው፣ እሱን አልክድም። ሰማያዊው ከላይ እስከ ታች ጥርት ብሎ ይታያል። ኤሊ የማየት ዕድልም አለ፤ አረንጓዴው የባሕር ኤሊ እዚያችው ደሴት አሸዋ ላይ ነው እንቁላሉን የሚጥለው።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ከኑንግዊ፣ ከኬንድዋና ከማቴምዌ የተነሱ ጀልባዎች አንድ ቦታ ይከማቻሉ። የመገናኛ ታክሲ ተራ በሉት። ሞተር ይጮኻል፣ የነዳጅ ሽታ ይገባችኋል፣ ቀና ስትሉ የማታውቁት ሰው እግር ፊታችሁ ላይ ነው። ከዚያ አንዱ ካፒቴን የዶልፊን ክንፍ ያያል። ያፏጫል። ሁሉም ጀልባ በአንዴ ይዞራል። "ዝለሉ! ዝለሉ!" ይባላል። ማስኩን በግማሽ ያጠለቀ ሰው ይዘላል። ዶልፊኖቹ ከሥር ያልፋሉ፣ ሰዉ አረፋ ብቻ ያያል፣ ከዚያ ሁሉም በአንዲት መሰላል ለመውጣት ይራኮታል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ይጀመራል።

እኔ ይሄን ማሳደድ አልወደውም። ለእንስሳቱም ደግ አይደለም፣ ለእናንተም አደጋ ነው፤ በሚሽከረከር ሞተር መሃል ነው የምትዘሉት። በስተደቡብ ኪዚምካዚ የሚባል መንደር አለ፤ እዚያ ጉዞው ሙሉ በሙሉ ዶልፊን ማሳደድ ነው። ተመራማሪዎች ዶልፊኖቹ ዕረፍታቸውን እንደሚነጠቁ ጽፈዋል። በዚህ ንጽጽር ውስጥ ያላስገባሁትም ለዚህ ነው። ምኔምባ ስትሄዱም ከመክፈላችሁ በፊት "እኛ ዶልፊን ማሳደድ አንፈልግም፣ ያንን ሰዓት ሪፉ ላይ ስጠን" በሉ። ጥሩ ካፒቴን ደስ ይለዋል፤ ነዳጅም ይቆጥብለታል።

ሁለተኛው ነገር መነሻው ነው። ከኑንግዊ በዝግተኛ የእንጨት ጀልባ ምኔምባ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህልና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ከማቴምዌ ወይም ከሙዩኒ ግን ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ባሕር የሚያጥወለውላችሁ ከሆነ ይህ ልዩነት ቀናችሁን ይወስነዋል። ኑንግዊ ብታርፉም በመኪና ማቴምዌ ወርዳችሁ ከዚያ ተነሱ። በጠዋቱ 1 ሰዓት የሚነሳ ጀልባ ከተገኘ ግርግሩ ሳይጀምር ሪፉን ለብቻችሁ ማለት ይቻላል ታገኙታላችሁ።

ቹምቤ

ቹምቤ ከስቶን ታውን፣ ከዛንዚባር ከተማ አሮጌው ሰፈር፣ በስተደቡብ በኩል 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። በምዕራብ በኩል ያለው ሪፏ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ተከልሎ ዓሣ ማስገር ቆመበት። ታንዛኒያ ውስጥ በሥርዓት መተዳደር የጀመረ የመጀመሪያው የባሕር ፓርክ እሱ ነው። የሚያስተዳድረውም ለጥበቃው ብሎ የተቋቋመ የግል ድርጅት ነው፤ ጥበቃው የሚኖረው እንግዳ በሚከፍለው ገንዘብ ነው። ማረፊያው ሰባት ጎጆ ብቻ ነው። የዝናብ ውሃ ያጠራቅማሉ፣ መብራቱ ከፀሐይ ነው፣ መጸዳጃው ውሃ አይለቀቅበትም።

ከ400 በላይ የዓሣ ዝርያ ተመዝግቦበታል። ጠንካራ ኮራል ብቻ ወደ 200 ዝርያ ነው። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ብዙ አይናገርም፤ ውሃው ውስጥ ግን ይታወቃል። ምኔምባ ላይ የተሰባበረና ግራጫ የሆነ ቦታ እያለፋችሁ ነው ያማረውን የምትፈልጉት። ቹምቤ ላይ ፍለጋ የለም። ሪፉ ጥልቀት የለውም፤ ኮራሉ ከደረታችሁ በታች አንድና ሁለት ሜትር ላይ ነው። ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ከታችሁ ትንፋሻችሁ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ከዚያ ድምፅ ትሰማላችሁ። ቀርጭ፣ ቀርጭ። ያ ፓሮት ፊሽ የሚባለው ባለ መንቁር ዓሣ ነው፤ ኮራሉን እየጋጠ። የጋጠውን ፈጭቶ ከኋላው ነጭ ደመና አድርጎ ይለቀዋል። ያ አሸዋ ነው። ዳርቻ ላይ ተኝታችሁ ፎቶ የተነሳችሁበት ነጭ አሸዋ ጥቂቱ በዚያ በኩል ነው ያለፈው።

አስጎብኚዎቹ ከአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች መካከል ተመልምለው የሠለጠኑ ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አብረዋችሁ ውሃ ይገባሉ። መዋኘት ለሚፈራ ሰው ተንሳፋፊ ቀለበት አስይዘው ይጎትቱታል። ኮራል ላይ የቆመ ሰው ካዩ ያስቆሙታል፤ ዳቦ አይወረውሩም። ሌላ ቦታ አስጎብኚው ዳቦ ሲበትን ባለ ቢጫና ጥቁር ሰንበር ዓሦች ይጎርፋሉ፣ ቱሪስቱ ይጮኻል፣ ቪዲዮው ያምራል። ያ ግን ሪፍ ማየት አይደለም፤ ዓሣ መቀለብ ነው።

ከውሃው ሌላ በ1904 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ የመርከብ መብራት ማማ አለ፤ ይወጣበታል። ጫካው ውስጥ ኮኮናት ክራብ የሚባለው ግዙፍ ሸርጣን አለ። በመሬት ላይ ከሚኖሩ የዘመዶቹ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

እንከኑስ? ዋጋው ከአራቱም ይበልጣል። ቀን ብቻ ውሎ የሚመለስ እንግዳ የሚቀበሉት በቁጥር ነው፤ ጎጆዎቹ ሲሞሉ ቦታ አይኖርም። ስለዚህ ዳርቻ ላይ አይገዛም፣ ቀድሞ መያዝ አለበት። በዋናው የዝናብ ወቅት ይዘጋል። ጭፈራ፣ ሙዚቃ፣ ቢራ ይዞ ጀልባ ላይ መዝለል የሚፈልግ ሰው ደግሞ ይሰለቻል። ጸጥ ያለ ቦታ ነው። የጓደኞቻችሁን ባሕሪ ታውቁታላችሁ።

ሜናይ ቤይ

ይሄኛው ብዙ ሰው "ሳፋሪ ብሉ" ብሎ የሚጠራው ነው። ስሙ መጀመሪያ የአንድ ድርጅት ነበር። አሁን ማንኛውም ጀልባ ያለው ሰው በዚሁ ስም ይሸጣል። ስለዚህ ስሙን ሰምታችሁ አትክፈሉ፤ ማን እንደሚያጓጉዛችሁ ጠይቁ።

መነሻው በደቡብ ምዕራብ ያለው ፉምባ ነው። የባሕር ወሽመጡ 470 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጥበቃ ተደርጎለታል። በባሕላዊው ባለ ሸራ ጀልባ፣ በዳው ትወጣላችሁ። ከባሕሩ መሃል ብቅ ያለ የአሸዋ ደለል ላይ ትወርዳላችሁ። ጥላ ተዘርግቷል፣ ኮኮናት ይፈለጣል። ትንሽ ስኖርክል ታደርጋላችሁ። ከዚያ ክዋሌ ደሴት ላይ ምሳ። ወድቆም አሁን ድረስ የሚለመልም ባኦባብ የሚባል ግዙፍ ዛፍ አለ፤ ይወጣበታል፣ ፎቶ ይነሳበታል። ማንግሮቭ የሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ በከበበው ሰላማዊ ውሃ ውስጥ ትዋኛላችሁ። ስትመለሱ ንፋሱ ከፈቀደ ሞተሩ ይጠፋል፣ ሸራው ይወጠራል። የቀኑ ምርጥ ሰዓት ያ ነው። የሚሰማው ውሃው ከእንጨቱ ጋር ሲላተም ብቻ ነው።

ስኖርክሊንጉ ግን መካከለኛ ነው። አንዳንድ ቀን ውሃው ይደፈርሳል። ኮራል ብላችሁ ከሄዳችሁ ትከፋላችሁ። አያትና ሕፃን፣ ዋናተኛና ውሃ የሚፈራ በአንድ ላይ ይዛችሁ ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ የለም። የአሸዋው ዳር ጉልበት ድረስ ነው። ማንም ሳይገለል ቀኑ ያልፋል።

ፕሪዝን አይላንድ

ቻንጉ ነው ትክክለኛ ስሙ። ከስቶን ታውን በጀልባ ግማሽ ሰዓት ነው። በ1893 (እ.ኤ.አ.) እስር ቤት ተብሎ ተሠራ፤ በኋላ ግን ለእስረኛ ሳይሆን በሽታ ይዘዋል ተብለው የሚጠረጠሩ መንገደኞችን ለይቶ ለማቆያ ዋለ። ግዙፎቹ የየብስ ኤሊዎች በ1919 (እ.ኤ.አ.) ከሲሼልስ በስጦታ የመጡ ኤሊዎች ዘር ናቸው። ልጆች ይወዷቸዋል። ጀርባቸው ላይ አትቀመጡ፤ የሚቀመጥ አዋቂ ሰው አይጠፋም።

ብዙ ጊዜ ናኩፔንዳ ከሚባለው የአሸዋ ደለል ጋር ተጣምሮ ይሸጣል። ናኩፔንዳ ባሕሩ ሲሞላ ይጠፋል። ዛሬ በስንት ሰዓት እንደሚታይ ሳትጠይቁ አትውጡ። መነጽርና ቱቦ ይሰጧችኋል፣ ዓሣም ታያላችሁ፤ ዋጋውም ከሁሉም ይረክሳል። ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ባሕሩ፣ ጨረቃዋና የኛ በዓላት

ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ዛንዚባር ላይ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በምሥራቁ ዳርቻ ፓጄና ጃምቢያኒ ያረፈ ሰው ጠዋት ተነስቶ ባሕሩን ያጣዋል፤ በቦታው የባሕር አረም የሚያለሙ ሴቶች ቁጭ ብለው ያገኛል። ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ቀኑን ሙሉ ይዋኛል።

ለእናንተ ይህ ምን ማለት ነው? በጨረቃ ሙላት ሰሞን ምኔምባ ላይ የውሃው ግፊት ይበረታል። ጀማሪ ከሆናችሁ ጨረቃዋ ግማሽ የሆነችበትን ሳምንት ምረጡ። ሆቴሉ የባሕሩን ሰዓት ሠንጠረዥ ይሰጣችኋል። ጀልባ ሻጩ "ሁሌም በ3 ሰዓት ነው የምንነሳው" ካላችሁ፣ ባሕሩን ሳይሆን ቁርስ ሰዓታችሁን ነው ያሰበው። ጥሩ ካፒቴን መነሻውን በየቀኑ ይቀይራል።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደኛው ነው የሚቆጥረው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ "ሳ ሞጃ" ይላል፣ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። ለቱሪስት ሲናገር ግን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይቀይራል፤ አንዳንዴ ደግሞ መቀየሩን ይረሳል። እናንተም እንደዚያው ናችሁ። "ጠዋት 2 ሰዓት" ተባብላችሁ ከመለያየታችሁ በፊት ከቁርስ በፊት ይሁን በኋላ አረጋግጡ።

ወቅቱን ደግሞ ከኛ ካላንደር ጋር ላስታርቀው። የጥር ሠርግ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ያኔ ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ንፋስ ነው፤ ሙቀት አለ፣ ውሃው ሞቅ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ምኔምባ በኩል ማዕበል ሊነሳ ስለሚችል ጠዋት ውጡ። ገናና ጥምቀት ላይ ግን ዋጋው ሰማይ ነው። መስከረም ላይ እንቁጣጣሽን ታክኮ የሚሄድ ሰው ደረቅ አየር ያገኛል፤ ውሃው ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል፣ ንፋስ አለ። ችግሩ ፋሲካ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋናው ዝናባቸው ልክ ከኛ ፋሲካና ከዳግማይ ትንሣኤ ሠርግ ጋር ይገጥማል። ሆቴል በግማሽ ዋጋ ታገኙ ይሆናል፤ ውሃው ግን ሊደፈርስ ይችላል፣ ቹምቤም ያኔ ዝግ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ የባሕሩን ጉዞ የጉዟችሁ ምሰሶ አታድርጉት።

ዋና የማይችል ሰው

አብዛኛው የደጋ ልጅ ዋና አይችልም፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ስኖርክሊንግ ዋና ሳይችሉ ይቻላል። የጨው ውሃ ከላንጋኖ ውሃ ይልቅ ወደ ላይ ይገፋል፣ ላይፍ ጃኬቱ ደግሞ ይይዛል። የሚያስቸግረው ፊትን ውሃ ውስጥ ከቶ በአፍ ብቻ መተንፈስ ነው። ሰው የሚደነግጠው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት ማስክ ተውሳችሁ የሆቴሉ መዋኛ ውስጥ፣ ቆማችሁ፣ ፊታችሁን እየነከራችሁ ተለማመዱ። ባሕር መሃል ላይ መጀመር አይመከርም።

ምኔምባ ላይ ከጀልባው በቀጥታ ወደ ጥልቅ ውሃ ነው የሚገባው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ይከብዳል። ሜናይ ቤይ አሸዋ ላይ ቆሞ መጀመር ይቻላል። ቹምቤ ላይ አስጎብኚው አብሮ አለ። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይግባ፤ "ቀላል ዋና ነው" የሚለውን አትስሙ።

ማስኩ

ከሁሉም በላይ ቀኑን የሚያበላሸው የሚያፈስ ማስክ ነው። ሲሰጧችሁ ጎማውን ከኋላ ሳታስሩ ፊታችሁ ላይ አስቀምጡት፣ በአፍንጫ ወደ ውስጥ ሳቡ፣ እጃችሁን ልቀቁ። ተጣብቆ ከቀረ ልክ ነው። ከወደቀ መልሱና ሌላ ጠይቁ። ሹሩባ የተሠራችሁ ሴቶች ከግንባር አካባቢ አንድም ፀጉር ከጎማው ሥር እንዳይገባ አድርጉ፤ በአንድ ክር በኩል ውሃ ይገባል። ፂም ያለው ወንድ ትንሽ ቫዝሊን ከአፍንጫው ሥር ይቀባ። መስታወቱ እንዳይደበዝዝ ምራቅ ቀብቶ ማለቅለቅ የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሠራል። ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን አዲሱን ዓይነት እኔ አልመክርም፤ ድንገት ውሃ ቢገባ ወይም ቢያፍናችሁ ቶሎ ማውለቅ ያስቸግራል።

"ጥቁር ነን፣ ፀሐይ ምን ያደርገናል" የሚል ሰው አይጠፋም። ሁለት ሰዓት በደረቱ ተኝቶ ከዋኘ በኋላ ጀርባውንና የባቱን ኋላ ጠይቁት። ረጅም እጅጌ ያለው ቲሸርት ልበሱ። ከክሬም ይሻላል፤ ኮራሉንም አይጎዳም። አሸዋው ዳር ላይ ደግሞ ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያለው፣ ጃርት የሚመስል ፍጥረት አለና በባዶ እግር አትሂዱ።

ምሳው

የጉዞው ምሳ ብዙ ጊዜ ከባሕር ነው፤ ዓሣ፣ ካላማሪ፣ ኦክቶፐስ፣ ሎብስተር። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ሰው ዓሣውን ይዞ ሌላውን ይተው። የጾም ሰሞን ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በኮኮናት የተሠራ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ቻፓቲና ፍራፍሬ አያጡም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ እተወዋለሁ። ደሴቱ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ ሐላል የሚፈልግ አንባቢ አይጨነቅ። የክርስቲያን ሥጋ ብቻ የሚበላ ግን ዶሮው ይቅርበት።

ከሰው ጋር ወይስ ለብቻ?

የጋራ ጀልባ ርካሽ ነው። ችግሩ ስንት ሰው እንደሚጫን አለመታወቁ ነው። ሃያ ሰው ይዞ አንድ አስጎብኚ ያለው ጀልባ ላይ ዋና የማይችል ሰው ብቻውን ነው። አራት ወይም አምስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ አንድ ትንሽ ጀልባ መያዝ በነፍስ ወከፍ ሲካፈል ብዙ አይርቅም። በምላሹ ሰዓቱን እናንተ ትወስናላችሁ። ምኔምባ ላይ እኔ ብሆን ለዚህ እከፍላለሁ። ሜናይ ቤይ ላይ ግን የጋራው ይሻላል፤ ሰው በዛ ማለት ጨዋታ በዛ ማለት ነው። ቹምቤ ላይ ምርጫው የለም፣ እነሱ ናቸው የሚያደራጁት።

ዳርቻ ላይ የሚሸጡትን ልጆች የአገሩ ሰው "ፓፓሲ" ይላቸዋል። ሁሉም አታላይ አይደሉም። ግን ብዙዎቹ ደላላ ናቸው፤ ጀልባው የእነሱ አይደለም። ጀልባውን ራሱን አሳዩኝ በሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት አለ? ዚፑ ይዘጋል? ጥላ አለው? መሰላል አለው? ሁለተኛ ሞተር አለ? ውሃ ውስጥ አብሮን የሚገባው ማነው? ይሄን ስትጠይቁ ፊቱ የሚጠቁር ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል። ሙሉውን ክፍያ ቀድማችሁ አትስጡ፤ ቀብድ ስጡና የቀረውን ስትመለሱ።

ዶላር ይዛችሁ ከሆነ የታተመበትን ዓመት እዩ። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) በፊት የታተመ ኖት ብዙ ቦታ አይቀበሉም። ከጉዞው ውጪ ያለውን ወጪም አስቡ። ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ የደሴቱን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ተብሎ ነው የተጀመረው። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ የቢጫ ወባ ካርድም ይጠየቃል።

የባሕር ጉዞውን የመጨረሻ ቀን ላይ አታድርጉት። የደረሳችሁበት ማግስትም አይሁን፤ ድካም አለ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ላይ ያዙት። ንፋስ ከተነሳ ካፒቴኑ "ዛሬ አይሆንም" ሊል ይችላል። እንዲህ የሚል ካፒቴን ጥሩ ካፒቴን ነው፤ አትከራከሩት። ቀብዱን አስመልሱ ወይም በማግስቱ ይውሰዳችሁ።